ሁለት መትረየሶችና አንድ ቅጠል ወረቀት

አንባቢ ሆይ፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአበው ተረት ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። ይህን ተረት ዛሬ የማስረዳህ በብራና ሳይሆን በመትረየስ ነው። ነገሩ የሚገኘው በአሜሪካ አገር ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ለይቼ ካልነገርኩህ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ሁለት የአሜሪካ ወታደሮችን አስብ። ሁለቱም ከማረኩት የጀርመን መሣሪያ «ኤም ፒ 40» የተባለውን የእጅ መትረየስ በሻንጣቸው ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ እንበል። ይህን ያደረጉ ወታደሮች ጥቂት አልነበሩም። አንደኛው መሣሪያውን በመንግሥት መዝገብ አስጻፈው፤ ሁለተኛው «ማን ይጠይቀኛል?» ብሎ ከቤቱ ጣሪያ ሥር ሸሸገው። ዛሬ የአንደኛው መትረየስ በሕግ ይተኮሳል፤ ቢሸጥም ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። የሁለተኛው ግን እስከ 10 ዓመት እሥራት የሚያደርስ ዕቃ ነው። ብረቱ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ፤ ልዩነቱ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለህ ብትጠይቅ፣ መልሱ ከቺካጎ ከተማ ይነሣል። መጠጥ በተከለከለበት ዘመን ወንበዴዎች ጄኔራል ጆን ቶምሰን ለጦር ሜዳ ያሰበውን የእጅ መትረየስ ለከተማ ጠብ አዋሉት። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 ዓ.ም. በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች በግድግዳ ተደርድረው ተረሸኑ። ሕዝቡ ተቆጣ። በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ አወጣ። ሕጉ መትረየስን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ነገር ግን እንዲመዘገብ አዘዘ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም 200 ዶላር ግብር ጣለበት። በዚያን ጊዜ የአንድ ቶምሰን ዋጋ ራሱ 200 ዶላር ገደማ ስለ ነበረ፣ ግብሩ ዕቃውን በእጥፍ አስወደደው ማለት ነው። ይህ የ200 ዶላር ግብር ለመትረየስ ዛሬም እንዳለ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሩ ሁለት ጊዜ ጠበበ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የውጭ አገር መትረየስ ለግል ሰው እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ከኖቬምበር 2 እስከ ዲሴምበር 1 ቀን ድረስ የምሕረት ጊዜ ተሰጠ፤ ያልተመዘገበ መሣሪያ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ እንዲያስመዘግብ ተፈቀደለት። የአንደኛው ወታደር ቤተሰብ ሀብታም የሆነው በእነዚያ 30 ቀኖች ነው፤ የሁለተኛው የከሰረውም በእነዚያው ቀኖች ነው። ቀጥሎ ከሜይ 19 ቀን 1986 ዓ.ም. በኋላ የተሠራ አዲስ መትረየስ ለግል ሰው እንዳይተላለፍ ተደረገ። እንግዲህ መዝገቡ ተዘጋ። ቁጥሩ አይጨምርም፤ የሚሰበር፣ የሚቃጠልና የሚጠፋ ስላለ ግን ይቀንሳል። ፈላጊው በዝቶ ዕቃው ሲያንስ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ የኢኮኖሚ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ሰብሳቢው ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። መትረየስ እንደ ሰዓት ወይም እንደ ጫማ ከመደብር ተገዝቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት አይገባም። ገዢው ማመልከቻ ይሞላል፤ ፎቶግራፉንና የጣት አሻራውን ያያይዛል፤ ግብሩን ይከፍላል፤ ለአካባቢው የፖሊስ ሹም ግልባጭ ይልካል። ጉዳዩን የሚመረምረው የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ ፈቃዱን እስኪሰጥ ድረስ መሣሪያው ከሻጩ ዘንድ ይቆያል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። መትረየሱን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ይዞ ለመሄድ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። በአንዳንድ ግዛቶችም መያዙ ጭራሽ ክልክል ነው። በመዝገብ ቤት የምትሠራ አንባቢዬ፣ «ፋይል የሚያሠቃየው እኔን ብቻ ነው» እንዳትል ይህን አስታውስ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተኩሱ ቀን ይመጣል። ኤም ፒ 40 ያለ ጥይት አራት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሰደፉ የሚታጠፍ ነው፤ ካዝናው 32 ጥይት ይይዛል። ምላጩ ሲሳብ አስቀድሞ በውስጡ ያለው ከባድ ብረት ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጥይቱ የሚፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ተኳሽ መሣሪያው ከመተኮሱ በፊት የሚነቀነቅ ይመስለዋል። በደቂቃ 500 ጥይት ገደማ ስለሚተኩስ፣ አንድ ካዝና ከአራት ሴኮንድ በታች ያልቃል። ልማድ ያለው ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያንጣጣም፤ ምላጩን ነካ እያደረገ ሁለት ሦስት ጥይት ብቻ ይለቃል። ካዝናውንም እንደ እጀታ ጨብጦ አይዝም፤ ካዝናው ከቦታው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጥይት ይነክሳልና። የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት አንዱ ሩብ ዶላር ገደማ ያወጣል ብንል፣ አንድ ካዝና ስምንት ዶላር ነው። በሲኒማ ቤት ተዋናዩ ለአምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ ሲተኩስ ስታይ ሒሳቡን አንተው አስበው!

ነገር ግን ሰብሳቢውን የሚያስጨንቀው የጥይቱ ዋጋ አይደለም። ሞላው ቢደክም ይለወጣል፤ እንጨትም ሆነ ብሎን ቢሰበር ምትክ ይገኛል። የተመዘገበው ግን ቁጥሩን የተሸከመው የመሣሪያው አካል ነው። ያ ቢሰነጠቅና መጠገን ባይቻል በአዲስ መተካት አይፈቀድም፤ መትረየሱ ከመዝገብም ከዓለምም ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተኩስ ደስታም ሥጋትም አለው። ከተኩስ በኋላ ሰብሳቢው ባሩዱን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በካዝና ብረት ውስጥ ይቆልፍበታል። አንዳንዱ ጭራሽ አይተኩስም፤ ሌላው «የማይተኮስ ጠመንጃ የማይነበብ መጽሐፍ ነው» ይላል። በመካከላቸው ያለው ክርክር የሚያልቅ አይመስለኝም።

ሰብሳቢዎቹ መሣሪያውን የሚያነቡት እንደ ሰነድ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የተመታው ቁጥር ከዋናው ቁጥር ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ይመረምራሉ፤ ከተስማማ ዋጋው ይጨምራል። የፋብሪካውም ስም በምስጢር ፊደላት ተጽፎአል፤ ለምሳሌ «ቢ ኤን ዜድ» የሚል ምልክት ያለበት በኦስትሪያ ስታየር የተሠራ ነው። በሌላ በኩል በቃል የተላለፈው ወሬ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ይህን መሣሪያ «ሽማይሰር» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ሁጎ ሽማይሰር የተባለው መሐንዲስ ግን ኤም ፒ 40ን አልነደፈውም። ስሙ በካዝናው ላይ ተጽፎ ስላዩ ነው ለሙሉው መሣሪያ የሰጡት።

ወደ ሁለተኛው ወታደር ልመለስ። ሽማግሌው ሲሞት ልጁ ጣሪያ ሥር ያለውን ሣጥን ይከፍታል። መሣሪያውን አሁን ሊያስመዘግበው አይችልም፤ የምሕረቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቶአል። ያለው መንገድ ባለሥልጣን ጠርቶ ማስረከብ ነው፤ ብዙ ጊዜም የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ መጨረሻ መቆረጥና መቅለጥ ነው። አባቱ የት እንደ ማረከው፣ ከማን እጅ እንደ ወሰደው የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ ከሌለ፣ ታሪኩም ከብረቱ ጋር ይቀልጣል። የአንደኛው ወታደር ልጅ ግን በሕግ የታወቀ ወራሽ ስለ ሆነ የማስተላለፊያውን ግብር እንኳ ሳይከፍል ይረከባል። የቺካጎዎቹ ሰባት ሰዎች የተገደሉባቸው ሁለት ቶምሰኖች ሳይቀሩ እስከ ዛሬ የቆዩት፣ በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ ተይዘው በማስረጃነት ስለ ተጻፉ ነው፤ አሁንም በሚሺጋን ግዛት በቤሪየን አውራጃ ፖሊስ ዘንድ ይገኛሉ። ወረቀት የጀግናውንም የነፍሰ ገዳዩንም መሣሪያ እኩል ያድናል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ መትረየስ እንድትመኝ አይደለም። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። እኔ የማስበው ስለ ሌላ ነገር ነው። በገጠር ባለው የአያትህ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሎ አይተህ ይሆናል። ምናልባት ውጅግራ ነው። ይህ ስም ራሱ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት ጠመንጃ የመጣ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት እጅ ከነበሩት አንዱ ነው። ያ ጠመንጃ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ፣ በየትኛው ዘመቻ እንደ ዋለ የሚያውቁት ምናልባት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ የሚቀረው ዝገት ነው።

ስለዚህ ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትሄድ ደብተርና እርሳስ ያዝ። በመጀመሪያ መሣሪያው ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቅ፤ ከሌለው ነገ ዛሬ ሳይባል ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይቅረብ። ቀጥለህ በብረቱ ላይ ያለውን ቁጥርና ጽሕፈት ገልብጥ። ከዚያም ከሽማግሌው እግር ሥር ተቀምጠህ «አባባ፣ ይህ ጠመንጃ ከማን እጅ መጣ?» በላቸው፤ የነገሩህንም ቀኑንና ስማቸውን ጨምረህ ጻፈው። ይህ ሥራ 20 ሺህ ዶላር አይጠይቅም። በሕይወት ዘመንህ ከምትጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ግን የልጅ ልጆችህ የሚፈልጉት ይህን አንዱን ቅጠል ሊሆን ይችላል።

በሚመጣው ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ሁን።