ታዳጊዎች በጎልፍ ሜዳ፤ የዕድሜ ገደቡ ከፍ ማለት ለማን በጀ?

የአሜሪካ ጎልፍ ማህበር የሚያዘጋጀው የታዳጊዎች አማተር ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1948 በሚቺጋን ግዛት አን አርበር ከተማ ከተጀመረ ወዲህ በርካታ ስመ ጥር ተጫዋቾችን አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ባይካሄድም አንጋፋነቱን እንደጠበቀ ቀጥሏል።

በውድድሩ በሁለት ቀናት የማጣሪያ ጨዋታ የተሻለ ውጤት ያስመዘገቡ 64 ታዳጊዎች አንድ ለአንድ በጥሎ ማለፍ ይገናኛሉ። እስከ 2016 ድረስ 18 ዓመት የሞላው ታዳጊ መሳተፍ አይችልም ነበር። ከ2017 ጀምሮ ግን ገደቡ ከፍ ብሎ 19 ዓመት ያልሞላቸው ሁሉ እንዲወዳደሩ ተፈቅዷል።

ማሻሻያው ሁለት ገጽታዎች አሉት። በአንድ በኩል ውድድሩ በሐምሌ ወር ስለሚካሄድ ቀደም ብለው 18 ዓመት የሚሞላቸው ተማሪዎች ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት ያለውን የመጨረሻ ክረምት ያጡ ነበር፤ ይህ ቅሬታ ተወግዷል። በሌላ በኩል በ14 እና በ18 ዓመት ታዳጊ መካከል ያለው የጉልበትና ኳስን አርቆ የመምታት አቅም ልዩነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ታይገር ውድስ በ1991 በ15 ዓመቱ፣ ጂም ሊዩ ደግሞ በ2010 በ14 ዓመቱ የተቀዳጁት ዓይነት ድል አሁን ይበልጥ አዳጋች መሆኑ አይቀርም።

ጉዳዩን ክብደት የሰጠው የሽልማቱ ማደግ ነው። የ2018 አሸናፊ ማይክል ቶርብዮርንሰን በተሰጠው ቀጥተኛ የመግቢያ መብት በ2019 በፔብል ቢች በተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን ከዓለም ታላላቅ ባለሙያዎች ጋር ተሰልፎ ማጣሪያውን ለማለፍ በቅቷል። የ2021 አሸናፊ ኒክ ደንላፕም በጥር 2024 ገና አማተር ሳለ የፒጂኤ ቱር ውድድር አሸንፏል።

ይሁን እንጂ ዋንጫው ብቸኛ መንገድ አለመሆኑን የውድድሩ ታሪክ ይመሰክራል። በ2010 የፍጻሜ ጨዋታ በሊዩ የተሸነፈው ጀስቲን ቶማስ በ2017 እና በ2022 የፒጂኤ ሻምፒዮና ባለድል ሆኗል። 18 ታላላቅ ዋንጫዎችን የሰበሰበው ጃክ ኒክላውስም ይህን የታዳጊዎች ውድድር አሸንፎ አያውቅም።

በመሆኑም የዕድሜ ገደቡ መሻሻል ለትልልቆቹ የበጀ ቢሆንም፣ ለትንንሾቹ በሩን አልዘጋም። ወላጆችና አሰልጣኞች የ14 ዓመት ልጅን ሽንፈት እንደ ትምህርት እንጂ እንደ መጨረሻ ፍርድ ሊመለከቱት አይገባም።