ዘይቱ ለድስት ወይስ ለሞተር?

እኛ የቶጎጫሌ ልጆች መኪና ስንመርጥ ዓይናችን ቀለሙ ላይ ያርፋል። ስሕተት ነው! በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገዢው የሚያማርጠው እዚሁ ካገለገሉት ነው። የወላጆቻችን የስንት ዓመት ቁጠባ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

የናፍጣ መኪና የሚፈተነው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። በግድ ከተነሣ እመቃው ደክሞ ይሆናል፤ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ የሞተር ዘይት እየበላ ነውና ይቅርብን።

«ናፍጣ ሲወደድ የምግብ ዘይት እንሞላለን» የሚሉ ጓደኞችም አሉን። እርግጥ በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኤግዚቢሽን አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቷል። ነገር ግን ጥሬ ዘይት ከናፍጣ ይወፍራል፤ ውሎ አድሮ ፊልትሮና ኖዝል ይደፍናል። በሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ ወደ ባዮዲዝል መለወጥ አለበት። ደግሞስ እናቶቻችን በስንት መከራ የሚገዙትን ዘይት ሞተር ይጠጣው? እንዴት ተደርጎ!

ካስፈለገ የማይበሉት ጉሎና ጃትሮፋ አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ የእህል መሬት መሻማት የለባቸውም።

ነገ አስተማሪዎች ነን። ተማሪው «ለምን?» ሲለን መልሱን ከቤተ ሙከራም ከጋራዥም ይዘን እንጠብቀው።