ዊሊ ሎማን እጁን ለምን ናቀ?

ባል ከሥራ ጉዞ ተመልሶ ወጥ ቤት ተቀምጧል። ሚስቱ ሊንዳ ምን ያህል እንደሸጠ ስትጠይቀው በፕሮቪደንስና በቦስተን ገበያው እንደደራለት ይነግራታል። እሷም ከሽርጧ ኪስ እርሳስ አውጥታ ኮሚሽኑን ታሰላለች፤ 212 ዶላር! ደስታዋን ሲያይ ባልየው ይጨንቀዋል። ሦስት ሱቆች ለቆጠራ በከፊል ተዘግተው ነበር እያለ ቁጥሩን ዝቅ፣ ዝቅ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ የሚቀረው 70 ዶላር ከሳንቲም ነው። ሊንዳ አትቆጣም። ዕዳውን መቁጠር ትጀምራለች፤ ለፍሪጁ 16 ዶላር፣ ለልብስ ማጠቢያው 9 ዶላር ከ60 ሳንቲም፣ ለጣሪያው 21 ዶላር እያለች። ወሩ ሳይጋመስ 120 ዶላር መከፈል አለበት።

አርተር ሚለር «የሻጩ ሞት» ብሎ በጻፈው ተውኔት ውስጥ ዊሊ ሎማን ማን እንደሆነ ለመረዳት ይህች አጭር ትዕይንት ትበቃለች። ሰውየው የሚዋሸው ሚስቱን ለመጉዳት አይደለም፤ ያሰበውን ያህል ሰው ሆኖ መታየት ስላለበት ነው።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1949 በኒውዮርክ ሞሮስኮ ቲያትር ለሕዝብ ቀረበ። አዘጋጁ ኤልያ ካዛን፣ ዊሊን ሆኖ የተጫወተው ሊ ጄ. ኮብ ነበር። 742 ጊዜ ታየ፤ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተመልካቹ «ዊሊን ማን ገደለው?» በሚለው ላይ ለሁለት እንደተከፈለ ነው። አንዱ ወገን ጉልበቱን መጥጦ የጣለው ድርጅት ነው ይላል፤ ሌላው በገዛ ቅዠቱ ነው የጠፋው ይላል። እኔ ሁለቱንም አልክድም። ነገር ግን ሁለቱም የማይነኩት አንድ ነገር አለ፤ ዊሊ አዋቂ እጅ ነበረው፤ በዚያ እጅ ማደርን ግን ውርደት አድርጎ ቆጠረው።

መጀመሪያ ድርጅቱን እንመልከት፤ በነጻ የሚለቀቅ አይደለምና። ዊሊ 63 ዓመቱ ነው። መኪና መንዳት አቅቶታል፤ ደመወዙም ተነሥቶ በኮሚሽን ብቻ እንዲሠራ ተደርጓል። ከተማ ውስጥ ሥራ እንዲሰጡት ለመለመን 36 ዓመቱ ወደሆነው አለቃው ወደ ሃዋርድ ይገባል። ሃዋርድ ልጅነቱን ያየ ሽማግሌ ፊቱ ቆሞ እያለ አዲስ የገዛውን የድምፅ መቅጃ ያስደምጠዋል፤ ትንሹ ልጁ የአሜሪካን ግዛቶች ዋና ከተሞች በፊደል ተራ ሲጠራ። ዊሊ በሳምንት 65 ዶላር ይጠይቃል። እሺ ሲያጣ 50 ይላል። ከዚያ 40። በሚስቱ ፊት ሽያጩ እንደወረደ እዚህ ደግሞ የራሱ ዋጋ ይወርዳል። መጨረሻው ከሥራ መሰናበት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሃዋርድ ለአፍታ ሲወጣ ዊሊ ሳያውቅ መቅጃውን ይነካዋል፤ የሕፃኑ ድምፅ ከተሞቹን መጥራት ሲጀምር ሽማግሌው ማጥፋት አቅቶት በድንጋጤ ይጮኻል። ሚለር ጭካኔን ለማሳየት ክፉ ሰው አላስፈለገውም፤ ሥራ የበዛበት፣ ጨዋ የሚመስል አለቃ በቂው ነበር።

ሆኖም ዊሊ ወደዚያ ቢሮ የገባው ለምንድን ነው? ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስላልነበረው አይደለም። የቤቱን የደጃፍ ደረጃ በሲሚንቶ የሠራው እሱ ነው። የሳሎኑን ኮርኒስ ሰቅሏል፤ ሁለተኛውን መታጠቢያ ቤትና ጋራዡን ሠርቷል። በቀብሩ ላይ ልጁ ቢፍ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው፤ በሕይወቱ ሁሉ ከሸጠው ይልቅ በዚያች ደረጃ ውስጥ የአባቱ ማንነት እንደሚበልጥ ይናገራል። ዊሊም ቢሆን መሣሪያ መያዝ የማይችል ሰው ሰው አይደለም ብሎ ጎረቤቱን ቻርሊን ይዘልፈዋል። ነገር ግን ቢፍ አናጺ ሆኖ በሰፊ ሜዳ ስለመኖር ሲያነሣ፣ አያትህ እንኳ ከአናጺ ይሻል ነበር ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ለኩራት የሚጠራው እጅ ለእንጀራ ሲሆን ያሳፍረዋል።

ይህን ያስተማሩት የሚያመልካቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ በ84 ዓመቱ ከሆቴል ክፍሉ ሳይወጣ በስልክ ብቻ ይሸጥ የነበረው ዴቭ ሲንግልማን ነው። ሌላው በ17 ዓመቱ ጫካ ገብቶ በ21 ዓመቱ ሀብታም ሆኖ የወጣው ወንድሙ ቤን ነው። አንዱ በመወደድ፣ ሌላው በዕድል የከበሩ ናቸው። በመካከላቸው ሙያ የሚባል ነገር የለም።

«የአሜሪካ ሕልም» የሚለውን ሐረግ በሰፊው ያስተዋወቀው ጄምስ ትራስሎው አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፉ ሕልሙ መኪናና ከፍ ያለ ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ ጽፎ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በተፈጥሮ ችሎታው የሚደርስበት ደረጃ ላይ እንዲደርስና በዚያው እንዲከበር ማለቱ ነው። በዚህ መለኪያ ዊሊ በወጣትነቱ ብሩክሊን ውስጥ የተከበረ ግንበኛ መሆን ይችል ነበር። ተውኔቱ መድረክ ላይ በወጣበት ጊዜ ከብሩክሊን ብዙም በማይርቀው ሌቪታውን፣ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች እየተሠሩ ነበር። አገሪቱ ግንበኛ ስትፈልግ ዊሊ ቦስተን ውስጥ ሰው ይወደኛል ወይ እያለ ይጨነቅ ነበር።

ጎረቤቱ ቻርሊም ነጋዴ ነው፤ ተሳክቶለታል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የንግዱ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ቻርሊን ያዳነው ግን ትርፉን የማንነቱ ሚዛን አለማድረጉ ነው። በየሳምንቱ 50 ዶላር ለዊሊ ሲሰጥ አይመጻደቅም። ልጁ በርናርድ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊከራከር ሲሄድ እንኳ በራሱ አፍ አያወራውም። ዊሊ ቻርሊ ሥራ ሲሰጠው በኩራት እምቢ አለ፤ ገንዘቡን ተበድሮ ደመወዝ ነው እያለ ለሚስቱ ማቅረቡን መረጠ።

ሚለር ይህን ከሩቅ አልጻፈውም። የአባቱ የካፖርት ፋብሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወድቆ ቤተሰቡ ወደ ብሩክሊን ተዛውሯል። አጎቱ ማኒ ኒውማን ሻጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ቦስተን ውስጥ ከሚለር ሌላ ተውኔት ወጥቶ ሲገናኙ፣ ከሰላምታ በፊት የራሱ ልጅ እንደተሳካለት ነበር ያወራው። በቀጣዩ ዓመት ሚለር ኮነቲከት ውስጥ ትንሽ የመጻፊያ ክፍል በገዛ እጁ ሠራ፤ ሠርቶ ሲጨርስም የተውኔቱን የመጀመሪያ ክፍል በአንድ ቀንና ሌሊት ጻፈ። የእጅ ሥራን ክብር በሚገባ የሚያውቅ ደራሲ ነበር።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ ኖረናል፤ ዐፄ ምኒልክ በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱበት ነውር ነው። ዛሬም ባሕር ማዶ በላቡ የሚያድር ወገናችን የሚሠራውን ሥራ ለአገር ቤት ዘመድ በስልክ ሲደብቅ እንሰማለን። ዊሊ በዚያች ወጥ ቤት ያደረገውም ይኸው ነበር።

ዊሊ ራሱን ያጠፋው 20 ሺህ ዶላር ኢንሹራንስ ለልጁ ይተርፋል ብሎ ነው። በተቀበረበት ቀን የቤቱ ዕዳ የመጨረሻ ክፍያ ተፈጸመ። ትንሹ ልጁ ሃፒ ግን መቃብሩ ላይ ቆሞ የአባቱን ሕልም ከዳር አደርሳለሁ ይላል፤ በሽታው በአንድ ሰው ሞት አላበቃም።

ስለዚህ ወላጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ እንጨት ቢያለዝብ፣ ሞተር ቢፈታ፣ ግድግዳ ቢያቆም፣ «ከዚህ የሚሻል ሥራ የለም ወይ?» አትበሉት። ቁጭ ብላችሁ የሠራውን እዩለት፤ ጥሩ ከሆነም ጥሩ ነው በሉት።