የጎራሄው አዛዥ ምን ያስተምሩናል?

በ12ኛ ክፍል ተማሪ

የጀግና ታሪክ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው ጨርሶ ሲረሳ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሙገሳው በዝቶ ትምህርቱ ሲሸፈን ነው። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» እንዲሉ፥ ያለፈውን ሰው ማወደስ ለምላስ ይቀላል፤ ከሥራው መማር ግን ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ ስለ ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት የምጽፈው ለማወደስ ብቻ አይደለም።

የጁገል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች እንዳሉት በአቦከርም ሆነ በሌላው ሠፈር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ግን የሐረር እውነተኛ በር ከእነዚህ ሁሉ ርቆ፥ በኦጋዴን በረሃ፥ በፋፈን ወንዝ አጠገብ ነበር። ስሙም ጎራሄ ይባላል። ከሶማሊያ ተነሥቶ በደጋሃቡርና በጅጅጋ በኩል ወደ ሐረር ሊወጣ ያሰበ ጠላት ይህን ቦታና የውሃ ጉድጓዶቹን መያዝ ነበረበት።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ጦርነቱ እንደማይቀር ታወቀ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰሜን ወሰኑን ጥሶ ሲገባ፥ በደቡብ ደግሞ ጄኔራል ግራዚያኒ ተነሣ። ያን ጊዜ የጎራሄ አዛዥ ማዕረጋቸው ገና ግራዝማች የነበሩት አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ነበሩ። የሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን በነበረው በአሮጌው የድንጋይ ምሽግ ውስጥ ከወታደሮቻቸው ጋር ሆነው ጠበቁ። የነበራቸው የአውሮፕላን መቃወሚያ መድፍ አንድ ብቻ ሲሆን፥ የሚተኩሱትም እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

በጥቅምት ወር የኢጣልያ አውሮፕላኖች ጎራሄን ለተከታታይ ቀናት በቦምብ ደበደቡት። አዛዡም በመድፋቸው አጠገብ ሳሉ ቆሰሉ። ወደ ሐኪም ቤት እንዲወሰዱ ቢለመኑም፥ «እኔ ከሄድሁ ጦሩ ይፈታል» በሚል ሐሳብ እምቢ አሉ። ቁስሉ መርቅዞ ሕይወታቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ፤ ጥቅምት 27 ቀን ጠላት ጎራሄን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ወደ ጅጅጋና ወደ ደጋሃቡር በመጡ ጊዜ ከሞቱ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው።

አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ ነገር ሲከራከሩ፥ «ታክመው ቢመለሱ ለአገር የበለጠ ይጠቅሙ ነበር» ይላሉ። ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ከሰማይ ቦምብ እየወረደበት ያለ ወታደር በጥይቱ ብዛት ሳይሆን በአለቃው ፊት እንደሚጽናና መዘንጋት የለበትም። አለቃው በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ያየ ሰው መሸሽ እንደ ተፈቀደለት ይቆጥረዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት መቅረታቸው ትክክል ነበር። «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መራራ ነገር መሸሸግ አይገባም። እርሳቸው የፈሩት ደረሰ። አንድ ሰው ሲወድቅ ምሽጉ ሁሉ ወደቀ። ይህ የእርሳቸው ጥፋት ነው አልልም፤ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ስለ ነበር፥ ጦርነቱ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች እንኳ ትምህርታቸውን አልጨረሱም ነበር። አለቃ ሲወድቅ ቦታውን የሚተካ መኰንን ማፍራት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ አልነበረም።

በጎራሄ ከተዋጉት መካከል የሶማሌው ተወላጅ ዑመር ሰመተርም ነበሩ። እኒህ ሰው በ1918 ዓ.ም. በኤል ቡር በኢጣልያ ላይ ተነሥተው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ ናቸው። አማራው፥ ኦሮሞው፥ አደሬው፥ ሶማሌው፥ አርጎባውና ጉራጌው በአንድ ገበያ በሚገናኙባት በሐረር የምንኖር ልጆች፥ ያ ምሽግ የአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ማወቅ ይገባናል።

የጦሩ ጽናትም ከጎራሄ ጋር አብሮ አልሞተም። ኅዳር 1 ቀን የኢትዮጵያ ጦር ሐማንሌ በተባለው ስፍራ የጠላትን አሳዳጅ ጦር ገጥሞ መለሰው። ግራዚያኒ ታላቁን ዘመቻ የቀጠለው በሚያዝያ ነው። ሐረር መጋቢት 20 ቀን በአውሮፕላን ተደብድባ፥ ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ተያዘች። ጎራሄ ከወደቀ ወደ ስድስት ወር ያህል ቆይታ ማለት ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እንማር? እኛ መድፍ አንተኩስም። ነገር ግን በክበባችን ሁሉን ሥራ የሚሠራ አንድ ተማሪ አለ፤ እርሱ የታመመ ዕለት ክበቡ ይዘጋል። በብዙ ቤትም ሱቁን፥ መሬቱንና ዕዳውን የሚያውቁት አባት ብቻ ናቸው፤ እርሳቸው ሲታመሙ ቤተሰቡ ግራ ይጋባል። እንዲህ ያለውን ሰው ስናመሰግን ተተኪ እንዲያዘጋጅ አንነግረውም። ለእኔ ግን ለደጃዝማች አፈወርቅ የሚገባው ክብር ይህ ነው፤ በቦታችን እንደ እርሳቸው መጽናት፥ ከጎናችን ያለውንም ሰው ያለ እኛ እንዲጸና ማስተማር። ወላጆችና መምህራንም ሥራውን ጊዜው ሳይደርስ ያስለምዱን። ተከትለን ብቻ ያደግን እንደ ሆነ፥ መሪው በወደቀበት ቀን እኛም አብረን እንበተናለን።