የማሽን ቡናና የእጅ አንጓ



ባለፈው ወር እዚሁ መቀሌ፣ ከዙህር በኋላ መስጊድ ተቀምጬ ሳለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሱና ሲሰግድ አየሁት። ሱጁድ ሲወርድ ቀኝ መዳፉን መዘርጋት አቅቶት በጭብጡ ይደገፋል። ሲጨርስ ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ኡስታዝ፣ ማሽኑ ነው» አለኝ። ካፌ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ማኪያቶና ቡና ይሠራል። አለቃው ግን ሕመሙን ስንፍና ብሎታል።

ሄጄ አየሁት። ዱቄቱ የተሞላበትን ባለ እጀታ ማጣሪያ ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ቡናውን ሲጠቀጥቅ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ጠረጴዛው ለቁመቱ ከፍ ስለሚል ትከሻውም አብሮ ይነሳል። ይህ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ነው።

ብዙዎች ቡናው በ15 ኪሎ ያህል ጉልበት መጫን አለበት ተብለው ተምረዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሚላኑ የጋጂያ ማሽን በእርግጥ ዘንጉን የሚጎትት ክንድ ይፈልግ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ ያውም ከአየር ግፊት 9 እጥፍ በሚሆን ኃይል። ዱቄቱ እኩል ተስተካክሎ አንዴ ከጠበቀ፣ ከዚያ በላይ የሚጨመር የእጅ ጉልበት ለጣዕሙ የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንጓችሁ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ይበል፤ ክርናችሁ ከመጫኛው በላይ ይሁን፤ የሚጫነውም የሰውነት ክብደት እንጂ የእጅ ጡንቻ አይሁን። ማጣሪያውን ስትቆልፉ ወደ ማሽኑ ቅረቡ፤ ከርቀት መጠምዘዝ ትከሻን ይጎዳል። ሁለት ከሆናችሁ ማሽኑንና መስተንግዶውን ተለዋወጡ። (በዝቅተኛ በርጩማ ጎንበስ ብለው ሦስቱንም ዙር የሚያፈሉ እናቶቻችን የወገብ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ ግን አንጓ ላይ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀን በጾም፣ ሌሊት በሰላት ራሱን ያደከመውን ዐብደላህ ኢብን ዐምርን ሰውነቱም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው አስታውሰውታል። ለዒባዳ ይህ ከተባለ ለማኪያቶ ምን ሊባል ነው?

ለተማሪዬ ከእግሩ ሥር ወፍራም ጣውላ አደረግንለት። ሳምንት ቆይቼ ሳልፍ አለቃው ራሱ ጣውላው ላይ ቆሞ ሲሠራ አየሁት። ልጁ ግን ጣቶቹ እየደነዘዙም ሐኪም ዘንድ ገና አልሄደም።