«ዕቃው ይግባና ይነገረዋል»

ዛሬ ስለ ምንዛሪና ስለ ኬላ አንጽፍም። ከላይ በርዕሱ ላይ የሰፈረው ቃል ከእኛው አፍ የወጣ ነው፤ እሱን ይዘን እንነጋገር።

ሞያሌ ገበያ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ነጋዴ ነበሩ። ዱቤ ያልሰጡት ወይም ያላስታረቁት ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። አንድ ሌሊት በድንገት አረፉ። ታናሽ ወንድማቸው ያን ዕለት ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነበር። የሁለቱንም ወረት ይዞ ሄዶ ልብስና ጫማ ገዝቷል፤ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ዕቃው ግን ገና አልተጫነም። እኛም ከለቅሶ ቤቱ ጓሮ ሰብሰብ ብለን መከርን። «አሁን ከሰማ ሁሉን ጥሎ ይመጣል። ዕቃው እዚያ ከቀረ ልጆቻቸው ምን ይበላሉ?» ተባለ። አንዱ «ዕቃው ይግባና ይነገረዋል» ሲል ሁላችንም ተስማማን። ወንድምየው ሲደውል «ጋሼን ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል» አልነው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያንኑ ደገምንለት።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ገባ። ሰበብ ፈጥረን ወዳጅ ቤት አሳደርነው። ቀብሩ አልፏል፤ ሠልስቱ ወጥቷል፤ የእድሩ ድንኳን ፈርሶ ወንበሮቹ ተመልሰዋል። ሲነጋ ሽማግሌ አስቀድመን እንደ ወጉ ነገርነው። አላለቀሰም። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ከሻንጣው አንድ ወፍራም ሹራብ አወጣና «ታመመ ስትሉኝ የገዛሁለት ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ሸጧል፤ የወንድሙን ልጆች ድርሻም ሳንቲም ሳያጎድል አስረክቧል። ከእኛ ጋር ግን ቡና አይጠጣም።

ዕቃውን አድነናል፤ ሰውየውን ግን ጎድተነዋል ብለን እናምናለን። ይህን የምንጽፈው እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ገበያ ብቻ እንዳልሆነ ስለምናውቅ ነው። መተማ ላይ ሰሊጥ የሚጭነው፣ ቶጎ ጫሌ ላይ ልብስ የሚያመጣው፣ ጁባ ላይ ምግብ ቤት የከፈተው ሁሉ ወይ መርዶ ተደብቆበታል፣ ወይ እሱ ራሱ በሌላው ላይ ደብቋል። ቤይሩት፣ ሪያድና ዱባይ ያሉ እህቶቻችንማ የእናታቸውን ሞት ከዓመት በኋላ የሰሙ አሉ። «እማዬን አገናኙኝ» ባለች ቁጥር «ገበያ ወጥታለች»፣ «ጸበል ሄዳለች»፣ «ስልኩ ተበላሽቷል» እየተባለች ትቆያለች። ከእሷ የሚላከው ገንዘብ ግን በየወሩ ይደርሳል።

መርዶን ማዘግየት ከጥንትም የነበረ ወግ ነው የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ወጉ ግን የተሠራው ለምን እንደሆነ እናስታውስ። መርዶ ማልዶ የሚነገረው ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣና መንገድ ላይ ከሌላ አፍ ሳይሰማ እንዲያገኙት ነው። ሽማግሌ የሚቀድመው ቃሉን እንዴት እንደሚጀምር ስለሚያውቅ ነው። ዘመድና ጎረቤት በር ላይ የሚሰበሰበው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። ታዲያ ወሬው ተይዞ የሚያድረው ደጋፊ እስኪሰበሰብ ድረስ ነበር፤ አንድ ሌሊት ቢበዛም ጥቂት ቀናት። ድሮ መንገዱም የራሱን ድርሻ ይወስድ ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ጭነት መኪና ላይ ወጥተው ቀናት የሚቆጥሩበት ነበር፤ በዝናብ ጊዜማ አይጣል ነው። ያን ጊዜ መርዶ የሚዘገየው አገሩ ሩቅ ስለሆነ ነው። ዛሬ ከናይሮቢ ማታ የተነሣ አውቶቡስ በማግስቱ ሞያሌ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ የተመረቀው የሞያሌ የአንድ መስኮት ኬላ ከተከፈተ ወዲህም ወረቀቱን በአንድ ግቢ መጨረስ ይቻላል። መንገዱ አጥሮ ሳለ መርዶው የረዘመው በእኛ ምክንያት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ። አንዳንዱ አስከሬኑ ሳይገነዝ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይላል። ልጁ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኙን የማያውቀው ሰው ከቦት፣ የአባቱን ሞት በስልክ ያነባል። ስለዚህ እኛ አናዘግይ ስንል በቴሌግራም ይበተን ማለታችን አይደለም።

«ብቻዋን ባዕድ አገር ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። እርጉዝ አለች፤ ልብ ሕመምተኛ አለ፤ መኪና የሚነዳ አለ። ለእነዚህ ሰዓትና ቦታ መምረጥ ግድ ነው። ነገር ግን ጥያቄው መልሱን ይዞ መጥቷል፤ የምንፈራው ብቻዋን መሆኗን ከሆነ ብቻዋን እንዳትሆን እናድርግ። በየደረስንበት ከተማ የአገር ልጅ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ መስጊዱ አለ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱ አለ። ለእሷ ከመደወል በፊት አጠገቧ ላለ ሰው መደወል ይቻላል። «ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ እስክትረጋጋ አብራችኋት እደሩ» ማለት ይቻላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህም ቀን ነው። እኛም ያን ጊዜ ኢስሊ ውስጥ ከአምስት ያላነሱ ወዳጆች ነበሩን። ሁለቱ ለወንድሙ ነግረው ይዘውት በመጡ፣ ሦስቱ ዕቃውን ባስጫኑ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን አድገን፣ ያን ዕለት ግን ሎሚውን መከፋፈል አልመጣልንም። ይህ ነው የሚቆጨን።

ለቅሶ ለምን በሰዓቱ ይሁን እንላለን? ሰው ሐዘኑን የሚወጣው ከሰው ጋር ተቀምጦ ነው። ንፍሮው፣ ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ እግዜር ያጽናህ፣ አላህ ያጽናህ የሚለው ሁሉ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ሟቹ በእርግጥ እንደሄደ፣ ቀሪው ደግሞ ብቻውን እንዳልቀረ ይነግረዋል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እያለ ሐዘኑ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ሦስት ቀን ተዕዚያ ይቀመጣሉ፤ ባሏ የሞተባት ሴትም አራት ወር ከአሥር ቀን ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ አልፎ የሚመጣ ሰው ድንኳን የፈረሰበት ባዶ ግቢ ላይ ይደርሳል። አብሮት የሚያለቅስ የለም፤ ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። እሱ ሊጀምር ሲል ሌላው ወደ ሥራው ተመልሷል። እኛ ነጋዴዎች ያልተከፈለ ዕዳ በጊዜ ብዛት እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ያልተለቀሰ ለቅሶም እንደዚያው ነው።

መርዶ የማይነገርለት ሌላም ሞት አለ፤ የሥራና የከተማ ሞት። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላንበሳ ድንበር ሲከፈት፣ ለሃያ ዓመት ያልተያዩ ዘመዳሞች ሲላቀሱ አይተናል። ነጋዴውም ዕቃ ጭኖ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ፤ ዱቤ ተሰጣጠ። ድንበሩ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ደግሞ ቀኑ ቅዳም ሹር ነበር፤ ለፋሲካ ዶሮ የገዙ ወገኖቻችን ዶሮውን ሳይሠሩ ከየቤታቸው ወጡ። የዓመታት ልፋታቸውን፣ ሱቃቸውን፣ የሻይ ቦታቸውን ጥለው መተማ የደረሱት አንድ ሻንጣ ይዘው ነው። እነዚህን ሰዎች ስናገኝ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን ነበር? «አሁን ምን ልትጀምር አሰብክ?» ነው። ለሱቅ ድንኳን አይተከልም፤ ንፍሮም አይቀቀልም። ሃያ ዓመት የኖሩበት ከተማ ግን ከዘመድ አያንስም። «ሰው ተርፏል፣ ገንዘብ ይተካል» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ቶሎ ከተነገረ አፍ ማስያዣ ይሆናል። መጀመሪያ ቤቱ ሄዶ አብሮ መቀመጥ፣ ስለጣለው ሱቅ እንዲያወራ መጠየቅ፣ የደንበኞቹን ስም ሲጠራ መስማት ይገባ ነበር። ሥራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ አስተያየታችንን በሦስት ነገር እናጠቃልል።

አንደኛ፣ መንገድ የምንወጣ ሁሉ «ክፉ ቀን ቢመጣ ንገሩኝ፣ አትደብቁኝ» ብለን ለቤተሰባችን አስቀድመን እንናገር። በሄድንበት ከተማ ማን አጠገባችን እንደሚደርስም ስሙንና ስልኩን እንስጥ። ይህን ማለት ሟርት አይደለም። ሟርት የሚመስለን ሳንናገረው ስለኖርን ነው።

ሁለተኛ፣ የዱቤ ደብተራችን ሌላ ሰው የሚያነበው ይሁን። ጋሼ የሰጡትን ዱቤ የጻፉት በቅጽል ስም ነበር፤ «ረጅሙ»፣ «የቆርቆሮው ልጅ»፣ «እማማ ቦሎቄ» እያሉ። ረጅሙ ማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከባለ ዕዳዎቹ አንዳንዶቹ በራሳቸው መጥተው ከፈሉ፤ አንዳንዶቹ ዝም አሉ። በስልካቸው የነበረው ገንዘብም ከሚስጥር ቁጥሩ ጋር ተቆልፎ ቤተሰቡን ብዙ አመላልሷል። በእስልምና ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ ይከፈላል። ክርስቲያኑም ዕዳ ይዞ መቀበርን ይፈራል። ስለዚህ ከአርባው በፊት አንድ ቀን ተወስኖ፣ የገበያው ሰው ተጠርቶ፣ ያለበትም የሚጠይቅም በሽማግሌ ፊት ቢናገር መልካም ነው። ለልጆቹ ገንዘቡን ያስገኛል፤ ለሟቹም ስሙን ንጹሕ አድርጎ ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ እድራችን ድንበሩን ይሻገር። በዚህ ወገን ያለው እድር ድንኳንና ወንበር አለው፤ በዚያ ወገን ያለው ሰው ግን ሲያዝን በተከራየው ክፍል ብቻውን ነው። ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየከተማው ሁለት ሰው ተመድቦ፣ መርዶ ሲመጣ ሄዶ የሚናገር፣ አብሮ የሚያድር፣ መኪና የሚያሳፍር፣ የቀረውን ዕቃ ተረክቦ የሚያስጭን ቢኖር ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ከወንድምየው ጋር ነገሩ ገና አልተዘጋም። በቅርቡ የጋሼ ሙት ዓመት ይደርሳል። እስከዚያ ሳንቆይ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ልንጠይቀው ተስማምተናል። ስለ ዕቃው አናነሣም። «ያን ቀን ልንነግርህ ይገባ ነበር» ብቻ እንለዋለን። ያኔ ያላለቀሰውን ዛሬ ቢያለቅስ አብረነው እንቀመጣለን፤ «ውጡልኝ» ቢለንም ያገባዋል። እናንተም በየቤታችሁ የዘገየ መርዶ ካለ ዛሬ ማታ ተማከሩበት፤ ማን እንደሚነግር፣ ማንስ አብሮ እንደሚያድር ወስኑ።

የሞቱትን ነፍስ ይማርልን። መንገድ ላይ ያላችሁትን በሰላም ያግባችሁ።