የችግኙ እናት ወዴት ናት?

በያመቱ ክረምት በገባ ቍጥር ስለ ችግኝ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ዘር የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ባስታወቀ ጊዜ፥ ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። እኛም የቍጥር ጠላቶች አይደለንም። ነገር ግን ቍጥሩ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ የአገራችን የወይራና የጥድ፥ የዝግባና የኮሶ ዘር ከየት ይገኛል?

መልሱ ሩቅ አይደለም። ከጐንደር ወጣ ብሎ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው፥ በእርሻና በግጦሽ መካከል ክብ ሆኖ የቀረ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሲያይ፥ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በከተማውም ውስጥ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጥዶች ለዚህ ምስክር ናቸው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ሰፊ መሬት ሲወስድ፥ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ዛፍ ግን ከካህናቱና ከአጥቢያው ሕዝብ ጥበቃ አልወጣም። ካህናቱ ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ይሉታል። የቅማንት ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ ጸሎት የሚያደርግባቸውን የዛፍ ሥፍራዎች ሲያከብር ኖሯል። ዛፍን በመፍራትና በማክበር መጠበቅ ኋላ ቀርነት ነው የሚል ጓደኛ በመካከላችን አይጠፋም። እኛ ግን በሹምና በደን ጠባቂ ሲጠበቅ ኖሮ ዛሬ ጉቶው ብቻ የቀረውን ኮረብታ አስበን፥ የትኛው ዘዴ እንደ ሠራ ራሱ እንዲፈርድ እንተወዋለን።

የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጐንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው፥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በሆላንድ አገር ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ታትሟል። ይልቁንም ሁላችን ልናውቀው የሚገባው ነገር ከአፈሩ የተገኘው ነው። በእነዚሁ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቈየው ዘር አብዛኛው የሣርና የአረም ሆኖ ተገኘ፤ የታላላቆቹ ዛፎች ዘር ግን ከጥቂቱ በቀር የለም። የዛፉ ዘር ከወደቀ በኋላ ወይ ቶሎ ይበቅላል፥ ወይ ይበሰብሳል፥ ወይም ይበላል እንጂ አፈሩ እንደ ጐተራ አስቀምጦ አያቈየውም። እንግዲህ እናቲቱ ዛፍ አንድ ጊዜ ከተቈረጠች በኋላ መሬቱን ከልሎ መጠበቅ ብቻውን ወይራን አይመልስም ማለት ነው። ዘሩ ከሌላ እናት መምጣት አለበት፤ በደጋችን የቀሩት እናቶች ደግሞ በአብዛኛው በአጥቢያው ቅጥር ውስጥ ያሉት ናቸው።

እነዚሁም ቢሆኑ በደኅና አልተቀመጡም። ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ሽማግሌው ዛፍ ብቻውን ይቆማል፥ ከሥሩ ልጅ አይታይም፤ የበቀለውም ይረገጣል፥ ይነጫል። በደቡብ ጐንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ሕዝቡ ከእርሻው ላይ ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ሠራ። ገበሬው እርሻው ጸዳለት፥ ደኑም ታጠረለት። ከዚህ የበለጠ ርካሽ መሐንዲስነት የት ይገኛል?

ስለ ዕውቀት እናንሣ። ብዙ ተማሪ ‹‹ጁኒፐረስ ፕሮሴራ›› ብሎ በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ የአገሩን ጥድ ከፈረንጅ ጥድ ለይ ቢሉት ግን ዐይኑን ያንከራትታል። የጠላውን ጋን በወይራ የምታጥነው እናት፥ ከበሮ ከዋንዛ የሚጠርበው ባለሙያ፥ ለሞፈር የሚሆነው እንጨት ለቀንበር እንደማይሆን የሚያውቀው ገበሬ፥ ሥሩንና ቅጠሉን በስሙ የሚጠራው ደብተራ፥ እነዚህ ሁሉ መምህራን ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም እንጂ። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ልባስ ስላለው፥ ልባሱ ሲሰበር ወይም ሲወገድ በቶሎ እንደሚበቅል በችግኝ ጣቢያ ታይቷል። ወፍ የበላው ፍሬ የት እንደሚበቅል የሚያውቅ እረኛም ይህን ቢሰማ ብዙ አይደነቅም።

በባሕር ዛፍ ላይ ግን እንደ ልማዳችን አንዘምትም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ለባላገሩ ባንኩ ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው፥ ቤቱን በቆርቆሮ የሚከድነው በእርሱ ነው። ከእኛም መካከል በባሕር ዛፍ ገንዘብ የተማረ ብዙ ነው። በቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለማገር ከተያዘ፥ ወይራው የመጥረቢያ ዕረፍት ያገኛል። ክፋቱ ከምንጭ ራስ ላይ ሲተከልና የአገሩን ዛፍ ቦታ ሲወስድ ነው።

ነገሩ የካህናትና የገበሬ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ወደ አንገረብ ግድብ ይውረድ። ከተራቈተው ተራራ የታጠበው አፈር ደለል ሆኖ ግድቡን ሲሞላው፥ የከተማው ቧንቧ ይደርቃል፤ ጀሪካን ተሸክሞ ሰልፍ የቆመ ተማሪም ሳያውቀው የደን ጉዳይ ተካፋይ ይሆናል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን ራሱን የቻለ የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ ተቀብሎታል። ሕጉ በወረቀት አለ፤ ነገር ግን ገበሬው መብቱን ሳያውቅ፥ የተከለው ዛፍ የማን እንደ ሆነ ሳይረጋገጥለት፥ ውኃ እያጠጣ ያሳድገው ብሎ መጠበቅ የሰውን ጠባይ አለማወቅ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን ጉባኤ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በመጪው ክረምት ኅብረቱ አዲስ ኮረብታ ከመፈለግ ይልቅ በከተማው ዙሪያ አንድ አጥቢያ ይምረጥ። በቅድሚያ አስተዳዳሪውን አባታችንን ፈቃድ እንጠይቅ። የግብርናና የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን ይምሩን። ከሽማግሎቹና ከእናቶቹ የየዛፉን ስምና ጥቅም በደብተር እንጻፍ፤ በካህናቱ ፈቃድ ፍሬ እንልቀም፥ በግቢያችን ትንሽ መደብ አዘጋጅተን እናፍላ፥ ካብ የፈረሰ ካለም ድንጋይ እናቀብል። የጸደቀውንና የደረቀውን በዓመቱ ቈጥረን በዚሁ ጋዜጣ ላይ እናውጣ፤ ቍጥሩ ቢያንስም ይውጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአብዛኞቻችን ትምህርት የለም፤ የሚያስፈልገውም ደብተር፥ እርሳስና ጥቂት ጆንያ ነው።